ጎልፍ እወዳለሁ ያልኩበት ጥቅምት

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

የደብረ ታቦር ማስታወቂያ ሰሌዳ ዛሬም ያው። አንድ የጠፋ መታወቂያ፣ ሁለት ጨረታ፣ አንድ የሙት ዓመት። ሥራ የለም። ጨርሼ ድጋሚ አነበብኩት። ከተመረቅሁ አንድ ዓመት ከሁለት ወር፤ በሆቴልና ቱሪዝም። ደብተሬ፣ ይህን ላንተ መድገም አያስፈልግም፤ ግማሽህ ስለዚሁ ነው።

አጎቴ ከእብናት ደውለዋል፤ አባየ ናቸው የነገሩኝ። ወረዳው መዝገብ ቤት የኮንትራት ቦታ አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ እሺ ወይ እምቢ መባል አለበት። እብናት ቆላ ነው፤ የእህልና የከብት ገበያ ነው። አይቼው አላውቅም፤ ለማየትም አላማረኝም። ቁርስ በላሁ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት 9፡20

ስልክ። የባሕር ዳር ቁጥር። ሐይቁ ዳር የሚከፈት አዲስ ሎጅ ነው፤ ከወራት በፊት ሲቪ ልኬ ነበር። እንግዳ ተቀባይ ይፈልጋሉ። ጥቅምት 25 ቃለ መጠይቅ። ሴትዮዋ በተለይ ዝንባሌዬ እንደሳባቸው ነገረችኝ። አመሰገንኩ። የትኛው ዝንባሌ?

ሲቪውን አወጣሁ። ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፦ ወይን ማጣጣም፣ ጥሩ ምግብ፣ ጎልፍ፣ ጉዞ።

እኔ አልጻፍኩትም።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ሲቪውን የተየቡልኝ ጋሽ ይስማው ናቸው። ጠየቅኋቸው፤ ምንም አላፈሩም። ከታች ባዶ ቦታ ቀርቶ ገጹ አስጠልቷቸው ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ፈረንጅ ስለ ራሱ የጻፈውን አግኝተው አስገቡልኝ፤ ሰውየው ደስ ያለው ሰው ይመስል ነበር። ባዶ ቦታ ሥራ አያስገኝም አሉኝ።

አጥፉልኝ ማለት ነበረብኝ። ግን ያስጠራኝ እሱ ነው። አንድ ኮፒ አስነስቼ ወጣሁ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ለእታለም ነገርኳት። ዘነብ ነው ስሟ፣ የአክስቴ ልጅ፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እታለም ነው የምላት። ዱባይ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ መጋቢት ላይ ተመለሰች። አንድ ክፍል እንጋራለን። ትምህርት አሥረኛ ላይ ነው ያቆመችው። ደላላው ተመልሰሽ ሂጂ እያለ በየሳምንቱ ይደውላል። አታነሳም። ቁጥሩንም አታጠፋም።

መጀመሪያ ሳቀች፣ አልጋው ላይ እስክትወድቅ። ከዚያ ሻንጣዋን ከፍታ የተጠቀለለ ካልሲ አወጣች። ካልሲው ውስጥ ኳስ። ነጭ፣ ትንሽ፣ ፊቱ ፈንጣጣ እንደ ወጣበት ሰው የተቦዳደሰ። አሠሪዎቿ ባልም ሚስትም ጎልፍ ተጫዋች ነበሩ፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ወይን ያለበት ግብዣ። ጎልፍ ማለት ጫማ ነው አለችኝ፤ ያየችው እሱን ነዋ። ስድስት ዓመት ጫማ አጥባለች፣ ጠርሙስ ይዛ ከወንበር ኋላ ቆማለች።

አሥራ ሰባት ቀን አለሽ፣ ይበቃሻል አለችኝ።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

ወይን። እስከ ዛሬ የማውቀው በእርፈ መስቀል የቀመስኩትን ነው፣ በልጅነቴ ስቆርብ። እሱ አይቆጠርም፤ ቃለ መጠይቅ ላይም አይነገርም።

አንድ ጠርሙስ ገዛን፤ መጠጫ ግን የለንም። የእማየን ሁለት ብርሌ አወረድን። እታለም አንገቱን ያዢው አለች፤ ሆዱን ከያዝሽው ይሞቃል። አትሙዪው። መጀመሪያ አፍንጫ። ጠጣሁ፤ አፌን ሰበሰበው። ጥብስ በይበትና ድገሚ አለች። ደገምኩ። የተለየ ነገር ሆነ፤ ምን እንደሆነ ግን ስም የለኝም።

እንግዶቹ ስም ነበራቸው። ቆዳ ይሸታል፣ እርጥብ ድንጋይ ይሸታል ይሉ ነበር፤ እታለም ከኋላ ቆማ አብደዋል ትላለች በልቧ። አንድ ቀን ማድ ቤት ብቻዋን ሆና የተረፈ ብርጭቆ አሸተተች። የአባቷ የበቅሎ ኮርቻ። ቁልጭ ብሎ። ከዚያ ምን አደረግሽ ስላት ብርጭቆውን አጠብኩት አለች።

እማየ በር ላይ ቆማ አየችን። ብርሌዬን ትሰብሩና አለች፤ ሄደች።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ጎልፍ። ዱላው የአባየ የድሮ የገና ዱላ፤ ከግድግዳ ወረደ። ሜዳው ከቤታችን ጀርባ ያለው ግጦሽ። እታለም አቋቋም አሳየችኝ፤ የማዳሟን ቂጥ ጭምር እያስመሰለች። ስድስት ጊዜ ሳትኩ። ሰባተኛው ሄደ።

ግጦሹ ላይ በሬዎቻቸውን የሚያውሉት አያ ሞላ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆዩ። ገና ሳይደርስ ምን ነካችሁ አሉ። የፈረንጅ ነው አልናቸው። ተጋጣሚሽ ማነው? የለም አልኩ። ማን ያመጣልሻል ኳሱን? እኔው ሄጄ አልኩ።

አሰቡበት። «ራሱ አርቆ ጥሎ ራሱ ይፈልጋል?» አሉ። «ሥራ የፈታ ሰው ነዋ።»

ልክ ናቸው። ሥራ ፈትቻለሁ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ውርጭ። ሜዳው ነጭ፣ ኳሱ ነጭ። ጠፋ። ፀሐይ እስክትወጣ ፈለግን። አያ ሞላ አገኙት፤ በዱላቸው ጫፍ እየነኩ መለሱልን። ጨዋታው ይኸው ነው ወይስ ገና ነው ብለው ጠየቁ።

ዛሬ እጄን አላመመኝም።

ጥቅምት 16፣ እሁድ፣ ማታ 1፡00

ጉዞ። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ነበር፤ ተከፍቷል ሲሉ በማግስቱ ወጣን፣ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ። በወረታ አድርገን ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት ወደ ውስጥ። ፍል ውሃው በሴቶች በኩል ሰው አልበዛበትም። አንዲት አሮጊት ጉልበታቸውን እያሹ ስለ እኛ በሽታ ጠየቁን። የለብንም አልናቸው። ታዲያ ለምን መጣችሁ አሉ። እታለም ለደስታ አለቻቸው። አሮጊቷ ትንሽ ራቅ አሉ፤ ያላወቁት በሽታ ሳይሆን አይቀርም።

እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ ሆና ነገረችኝ፦ በአውሮፕላን ሁለት ጊዜ ሄዳለች፣ በመኪና ስንት አገር አቋርጣለች፤ ለምንም ሳይሆን የሄደችበት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ፊቴን ነከርኩ።

ስንመለስ ወረታ ዓሣ በላን። አጠገባችን ያለ ሰው ሳህኑን ሲጨርስ እታለም ብድግ አለች፤ ልታነሳለት። ትዝ አላትና ተቀመጠች። ሁለታችንም አላነሳነውም፣ ነገሩንም ሳህኑንም።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ጥሩ ምግብ። ጾም ስለሆነ ከጋሳይ የመጣ ድንች፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ፣ በአዋዜ። ሲከፈት እንደ ዱቄት ይፈርሳል። ሦስት በላሁ፤ አራተኛውን ለማስታወሻ።

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ውሸቱ እውነት እየሆነ ነው። ጎልፉም ይናፍቀኝ ጀምሯል። ይህ ጥሩ ነው መጥፎ?

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ከፋኝ። ያለ ምክንያት። ዱላውን አልነካሁም። አባየ ስለ እብናት ጠየቁ፤ ከማክሰኞ በኋላ አልኳቸው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም አሉኝ፤ ጋዜጣ እንደሚያነብ ሰው፣ ሳይቆጡ። አጎቴ እየጠበቁ ነው።

ባ/ዳር ካልሆነ እብናት ነው። ሌላ ዛፍ የለም።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ባ/ዳር ገባን። እታለም አብራኝ መጣች። ጫማዬን ስትወለውል አመሸች፣ እንደ ጎልፍ ጫማ። ኳሱን ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ፣ ለገድ። ነገ በር ላይ ትጠብቀኛለች።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ፣ ማታ 12፡30

እንደሆነው ልጻፈው።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው። ሁለቱንም በዓይን አውቃቸዋለሁ፤ የደ/ታቦር ልጆች ናቸው። አንዱ ሱፍ ለብሷል። አንዷ ከእኔው ባች ናት። ሰላም ተባባልን፤ ከዚያ ሁላችንም ወለሉን አየን።

ሥራ አስኪያጇ ሦስታችንንም አንድ ላይ አስገባችን። በጣም አጭር ሴት፣ በጣም ጸጥ ያለች። ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ካርታ። የእያንዳንዱ የታችኛው መስመር አንድ ነው። ወይን፣ ምግብ፣ ጎልፍ፣ ጉዞ። ጋሽ ይስማው።

ደብረ ታቦር የጎልፍ ሜዳ እንዳለ አላውቅም ነበር አለች። አልሳቀችም። ማን ተጫውቶ እንደሚያውቅ ጠየቀች፣ በተራ።

ባለ ሱፉ እሁድ እሁድ ይጫወታል። የት ስትለው ወደ ጉና በኩል አለ። የባቼ ልጅ በቴሌቪዥን ነው የምትከታተለው። ተራው ደረሰኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ ከሁለቱ የተሻለ። አቋቋሙን አውቃለሁ፣ ብርጭቆ አያያዙን አውቃለሁ። ኳሱ ኪሴ ውስጥ ነው። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ባስቀምጠው ያልቅ ነበር።

ያንን መስመር ፎቶ ኮፒ ቤት እንደጻፈልኝ ነገርኳት። እናንተ እስክትደውሉ ወይን ገዝቼ አላውቅም፤ ጎልፍ የምለው በአባቴ የገና ዱላ ከበሬ ጋር ግጦሽ ላይ ነው አልኳት። ያስተማረችኝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ የተማረችው ደግሞ ጫማ በማጠብ ነው።

ባለ ሱፉ ጉሮሮውን ጠረገ።

ምን አስተማረችሽ አለችኝ። የወይን ብርጭቆ ሽታ ባለው ሳሙና እንደማይታጠብ፣ ሽንኩርት በነካ ጨርቅ እንደማይጠረግ፤ የጎልፍ ጫማ ጭቃው ሳይደርቅ እንደማይነካ። እንግዳ ወሬ ላይ ሳለ ከቀኝ እንጂ ከፊት እንደማይቀረብ። ጻፈች። የት ናት አሁን? በር ላይ አልኩ።

ሥራ አስኪያጇ ራሷ ወጣች።

በመስኮት አየሁ። እታለም ቆማለች፣ ተቀመጪ ብትባልም። ሴትዮዋ ከመመገቢያ አዳራሹ ብርጭቆ አስመጣች። እታለም ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ አሸተተችው፣ አንድ ነገር አለች። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ብርጭቆውን ወደ ማድ ቤት መለሰችው። እንደገና እንዲታጠብ መሆኑ ነው።

ለእኛ እንደውላለን ተባልን። እንደውላለን ምን ማለት እንደሆነ አንድ ዓመት ከሁለት ወር አውቀዋለሁ። ለእታለም የመመገቢያ አዳራሹን ኃላፊነት ሰጧት፤ ዲግሪ አልጠየቋትም። ኅዳር 1 ትጀምራለች።

ሚኒባስ ውስጥ፣ ሐሙሲት ስንደርስ፦

«ቦታሽን ወሰድኩብሽ» አለች።

«የእኔ አልነበረም» አልኳት። «የጋሽ ይስማው ነው።»

ሳቅን። ከሐሙሲት በኋላ ግን መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ተናድጃለሁ። ለምን በር ላይ ናት አልኩ? ቤቷ ናት ማለት ይቻል ነበር። ኳሱንስ ለምን አላወጣሁም? እታለም ልብሷን ስትተኩስ ግድግዳ አያለሁ።

ከሰዓት

ደላላው ደወለ። ጠርቶ ጠርቶ ተወ። ስልኩን ይዛ መጣች፣ አጠገቤ ቆመች፣ ቁጥሩን አጠፋችው፣ እንዳየው ስልኩን ዘረጋችልኝ። ይኸው አለች።

አብረን ምሳ በላን። ንዴቱ የት እንደሄደ አላውቅም። ጠዋት እዚህ ነበር።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ፎቶ ኮፒ ቤት። ጋሽ ይስማውን የታችኛውን መስመር ያጥፉልኝ አልኳቸው። ቅር አላቸው። ያንን መስመር ስንት ሰው ላይ ጻፉት ብላቸው ቆጥረውት አያውቁም። በሱ ፋንታ ምን ይግባ አሉ። አሰብኩ። ባዶም ጥሩ ነው ልል ነበር። ከዚያ ተናገርኩ፦

ፍል ውሃ፣ የጋሳይ ድንች፣ አርቄ የጣልኩትን ራሴ መፈለግ።

ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። የፈረንጁ ይሻል ነበር አሉ፤ ግን ተየቡት።

ጥቅምት 30፣ እሁድ

ለአባየ እሺ አልኳቸው። ለአጎቴ ደወሉ። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም፤ ግን ዱላው ከግድግዳ መጥፋቱን ሲያዩ ውሰጂው አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

ከልቤ ነው፣ ደብተሬ። ጉዞ እወዳለሁ ብዬ ባ/ዳር ድረስ የሄድኩ ሰው፣ እብናትን አላየሁም፤ ከእኛ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንኳ ትናንት ነው የጠየቅሁት። መዝገብ ቤቱን አልመኘሁትም። ከተማውን ግን ልየው። ከዚያም ሌላ ሌላ እጽፋለሁ፣ እልካለሁ፣ እጠራለሁ።

አያ ሞላ እብናት ሣር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። አይተሽ ንገሪኝ አሉ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12፡40፣ መናኸሪያ

የእታለም መኪና ቀድሞ ሞላ። ኳሱን መለስኩላት፤ ሎጁ ውስጥ ኳስ በቅርጫት ነው ያለው ብላ ኪሴ ውስጥ መልሳ ከተተችው። ሻንጣዋን ራሷ ጫነች። መስኮቱን ከፍታ ስትቀመጥ አየኋት፤ ተደላድላ፣ ማንም ሳህኑን ቢጨርስ የማትነሳ ሰው ሆና።

የእብናቱ አራት ሰው ይጎድለዋል። ሾፌሩ ዱላው ከላይ ይታሰር አለ፤ አይታሰርም አልኩ። ተከራከርን። ጉልበቴ ላይ ነው፣ አንተ ደብተሬ ደግሞ በላዩ ላይ። ሦስት። ሁለት። ሞላ። ሞተሩ ተነሳ፤ ፊደሌ እየተንቀጠቀጠ ነው። የያዝኩት የመስኮቱን በኩል ነው፣ ከዚህ ጀምሮ ያለውን አላየሁትምና ልጽፍልህ…