ለእኔ ብሎ የተናገረው ቃል

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ። ለመሆኑ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም መሃል ላይ ቆመሽ፣ አንድ ነገር የረሳሁ መሰለኝ እያልሽ ታርፊያለሽ? የእማ ዓይንስ ተሻላት ወይስ አሁንም መርፌ ክሩን አስገቡልኝ እያለች ታስቸግራችኋለች? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ አልሃምዱሊላህ፣ ሰውነቴ ደህና ነው። ስለቀረው ልጽፍልሽ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀቱን ሳገላብጥ ቆየሁ። ይህን ደብዳቤ እማ አጠገብሽ ሳትኖር ብቻሽን አንብቢው።

እትዬ፣ ረጅሙ ሞቷል። በዚህ ሳምንት ሰኞ ከሰዓት በኋላ አረፈ።

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ አብሮኝ የሚሠራው፣ ስለ እሱ ስጽፍልሽ የኖርኩት ጓደኛዬ ነው። እንደምታውቂው አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥራል፣ ይጠጋጋል፣ ያስረክባል፣ ተመልሶ ይራራቃል። እኔና እሱ ሰባት ዓመት ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ እንዲህ ስንጠጋጋና ስንራራቅ ኖርን። ሰው ከገዛ ሚስቱ ጋር እንኳን ይህን ያህል ፊት ለፊት አይተያይም። እሱ ረጅም፣ እኔ አጭር ስለሆንን አንሶላው ሁልጊዜ ወደ እኔ ያዘነብላል፤ በዚያም ሲስቅብኝ ኖሯል።

ውሸት የሚባል ነገር አይሆንለትም ነበር። የሐኪሙን ጋዎን በካውያ ያቃጠለው ማነው ሲባል ማንም ሳይጠረጥረው እጁን ያወጣል። አለቃችን ፀጉሩን ተቆርጦ መጥቶ እንዴት ነው ሲለው፣ ከጆሮህ በላይ አይጥ የበላው ይመስላል አለው፤ በዚህ የተነሳ ሳምንት ሙሉ የበሽተኛ ፎጣ ስንለቅም ከረምን። በአላህም አያምንም ነበር። አይሳደብም፣ አይከራከርም፤ ፈልጌ አጣሁ፣ ያላገኘሁትን አገኘሁ አልልም ይላል፣ በቃ።

ግን የሶላቴን ሰዓት ከእኔ የበለጠ የሚጠብቀው እሱ ነበር። ሂድ፣ ትልቁ አለቃህ እየጠበቀህ ነው ይለኝና የሁለታችንንም ሥራ ለብቻው ይይዛል። ከማድረቂያው ትኩሱን የወጣ አንሶላ ጥግ ላይ ዘርግቶልኝ ይመለሳል። በጾም ወር ፊቴ ላይ ውሃ አይጠጣም፤ ቦይለሩ ጀርባ ሄዶ ነበር የሚጎነጨው። ለፈጣሪዬ ብሎ እንዳይመስለኝ ደግሞ፣ ያዘንኩት ለአንተ ጉሮሮ ነው ይለኛል።

ሳል ሲበረታበት ሳንባህ ነው አሉትና እዚያው እኛው ሆስፒታል አራተኛ ፎቅ አስተኙት። ቤተሰብ የለውም። ሲገባ ቅጹ ላይ ሃይማኖት የሚለውን በገዛ እጁ የለኝም ብሎ ሞላ። ለእኔም፣ ስሞት ማንም እንዳይጸልይብኝ፣ ዝም ብላችሁ ቅበሩኝ፣ ይህን አደራ የምለው ላንተ ብቻ ነው አለኝ። እሺ ብዬ ቃሌን ሰጠሁት።

ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ ደረሰኝ። አልወቅስሽም፤ ወደሽኝ እንደጻፍሽው አውቃለሁ። ጓደኛህን ከወደድከው ዝም አትበለው፣ ሸሃዳውን አስብለው፣ አንዲት ምስክርነት ናት፣ አለዚያ በወዲያኛው ዓለም ፈልገህ ታጣዋለህ አልሽኝ። ፈልገህ ታጣዋለህ የምትለዋ ነገር እህል አላስቀምስ አለችኝ። አራት ቀን ደብዳቤሽን ኪሴ ይዤ ዞርኩ። ሐሙስ ዕለት ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ስለ እኔ ብለህ አንድ ጊዜ ብቻ በለው ብዬ ለመንኩት። ከዚያ የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፉ ከፍ አድርጎ፣ ከአላህ በቀር አምላክ እንደሌለ እመሰክራለሁ ከሚለው ጀምሮ ያስከተልኩትን ቃል በቃል እስከ መጨረሻው አለልኝ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። በቀጥታ መስጊድ ሄጄ ለሸኹ ነገርኳቸው። አቅፈውኝ እሳቸውም አለቀሱ። ጊዜው ከደረሰ እኛው አጥበን፣ ሰግደንበት፣ ከወንድሞቹ ጎን እናሳርፈዋለን አሉኝ።

በማግስቱ ደስ ብሎኝ ስገባ ቁጭ በል አለኝ። ትናንት ያልኩት ውስጤ የለም፤ ስታለቅስ ማየት ስላቃተኝ ነው፤ በዕድሜዬ አንድ ውሸት ዋሸሁ፣ እሱንም ላንተ ሰጠሁህ፤ ቀብሬ ላይ ግን እንዳታመጣብኝ አለኝ። ከዚያ በኋላ መናገር አቃተው። ቅዳሜና እሁድ እጄን እንደያዘ ቆየ።

ሰኞ እንዳረፈ ወሬው የደረሳቸው ሸኹ ከሁለት ሰዎች ጋር ከፈኑን ይዘው መጡ። ሬሳ ክፍሉ በር ላይ የሆስፒታሉ ጸሐፊ ቅጹን ይዛ ቆማለች፤ ሃይማኖት የለኝም ይላል አለቻቸው። ሸኹ፣ ይህ ሰው መስክሮ ነው የሞተው፣ የሰማውም ይኸው ብለው ወደ እኔ አመለከቱ። እትዬ፣ ብሏል ብል እውነት ነው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይሰገድበታል፤ ማን ያውቃል፣ አላህ ከአፉ የወጣችውን ተቀብሎት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አላለም አልኩ። በደስታዬ ነው እንዲያ ያወራሁት አልኩ። የሸኹ ፊት ጠቆረ። ወላሂ በል አሉኝ። ወላሂ አላለም አልኩ።

እሱ ለእኔ ብሎ ዋሸ፣ እኔም ለእሱ ብዬ ዋሸሁ፣ ተካካስን ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። አይካካስም። እሱ የዋሸው የለም ብሎ በሚያስበው ፊት ነው። እኔ የዋሸሁት እንዳለ በማውቀው ፊት ነው፣ ያውም በስሙ ምዬ።

ማክሰኞ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ቀበሩት። ቁጥር የተጻፈበት ብረት ተክለው ሄዱ። እኔ እጆቼ ሳላዛቸው ለዱዓ እንዳይነሱብኝ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆሜ ነበር። ተውበት ግባ እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሚገባ ያስተማርሽኝም አንቺ ነሽ። ተውበት ግን ጸጸት ይፈልጋል። ሸኹ ነገም ቢጠይቁኝ ያንኑ ነው የምላቸው። ያልተጸጸትኩበትን ማረኝ ብዬ እንዴት ግንባሬን መሬት አስነካለሁ? እሰግዳለሁ፤ ስሰግድ ግን የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። እሱንም በወዲያኛው ዓለም አላገኘውም፣ እዚህም አጣሁት።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ወገቡን ይጠንቀቅ፣ ከባድ ነገር አያንሳ። ትልቋን ልጅሽን ስለ ፈተናዋ እንኳን ደስ ያለሽ ብለሽ ሳሚልኝ። መንታዎቹንም እኩል ሳሚልኝ፤ አንዱን አስቀድመሽ እንዳታጣያቸው። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው፣ የላከልኝ ሱሪ ልኬ ሆኗል በይልኝ።

እማ ያ ጓደኛህ ሳሉ ተሻለው ወይ እያለች በየደብዳቤው ታስጠይቀኝ ነበር። ሞቷል በያት። እንዴት እንደሞተ ግን አትንገሪያት። አላህ ይማረው ብላ እጇን ስታነሳ እንዳትከለክያት እትዬ። እሷ ቃል አልገባችለትም።

ታናሽ ወንድምሽ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ዓርብ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን