ለይጋርዱ፣ ስለ ውጅግራውና ስለ ቅሉ

ስማ ስማ፣ ያልሰማህ ስማ። በዚህ ቤት የነበርሽ፣ አሁን በደብሩ ግቢ ከወይራው ሥር ያለሽ ባለቤቴ ይጋርዱ ሆይ፣ አንቺም ስሚ። ቀይዋ ዶሮ፣ ያቺ «ሰነፍ ናት፣ ለፋሲካ ትታረድ» ብለሽ የፈረድሽባት፣ እነሆ ከመደባችን ሥር እንቁላል መጣል ጀምራለች። ስለዚህ ፍርድሽ ተሽሯል። ይግባኝ አለኝ የምትዪ ከሆነ ነይና ተሟገቺኝ።

ስንት ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ የሚጽፍልኝ ወሬ ይኸ ነው ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ከትልቁ ወሬ ለመጀመር ጉልበት አጥቼ ነው። ክረምቱ ሲገባ ተለየሽኝ። ያኔ ማሳ ላይ የነበረው በቆሎ ተሰብስቦ፣ ጤፉ ተወቅቶ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ይኸው ቅበላ ደረሰ። ጓሮ ያለው ጌሾ ደርቆ ነበር፤ አሁን አቆጥቁጧል። ውሻው ካንቺ በር ላይ መተኛቱን አልተወም። እኔም ብሆን አሁንም ግድግዳውን ተጠግቼ ነው የምተኛው፤ ለማን ቦታ እንደምለቅ እንጃ። ጅጋ ገበያ ስወርድ ሰው «ይጋርዱስ ደኅና ናት?» ሊለኝ ይጀምርና መሀል ላይ ትዝ ይለዋል። ያኔ የኔን ፊት ላለማየት የበርበሬ ዋጋ ይጠይቀኛል።

እናኑን ዳርናት። የልጃችን ልጅ፣ አንቺ በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሻት። ሙት ዓመትሽ ሳይወጣ ሰርግ የለም ብላ ነበር። አንቺ ግን በመጨረሻው ሰሞን እጇን ይዘሽ «በኔ ምክንያት ብትገፊው አጥንቴ ይወቅስሻል» ብለሻት ሄድሽ። የሙሽራው ወገኖች፣ የቡሬዎቹ ሽማግሌዎችም ቀን ቆርጠው ነበርና በጥር ሆነ። ከበሮ አልተመታም፣ ዘፈንም ቀረ። አንድ ነገር ብቻ ሊቀር አልቻለም፤ ኢላማው።

የአባቴን ቤት ልማድ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ሴት ልጅ ስትዳር፣ ሙሽራው ደጅ ከመግባቱ በፊት የቤቱ ሽማግሌ በዚያ በአሮጌው ውጅግራ ጠመንጃ ኢላማ ይከፍታል። ደረቅ ቅል ዋንዛው ላይ ይንጠለጠላል፤ ጥይቱ አንድ ነው። ከመታ ጠመንጃው አብሮት ይኖራል። ከሳተ እዚያው ለሚከተለው ወንድ ያስረክባል፣ ከዚያ ወዲያ አይተኩስም። አባቴ በእህቴ ሰርግ ለት ስቶ ሲያስረክበኝ፣ ባዶ እጁን የት እንደሚያስቀምጠው ሲቸግረው አይቻለሁ።

እኔ መጀመሪያ የቆምኩት በትልቋ ልጃችን ሰርግ ነበር። የአባቴ ባዶ እጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለና ያነጣጠርኩትን ጠመንጃ መልሼ አወረድኩት። አንቺ የሰርጉን ዳቦ ታቦኪ ነበር። ከሴቶቹ መሀል ወጥተሽ፣ ከኋላዬ ቆመሽ፣ መዳፍሽን በሁለቱ ትከሻዎቼ መካከል አሳረፍሽ። አልገፋሽኝም፣ አልያዝሽኝም፤ ማሳረፍ ብቻ። ቅሉ ብትንትን አለ። ጥቁሩ ኮቴ ላይ የሊጥ መዳፍ ታትሞብኝ ቀኑን ሙሉ በሰው መሀል ስንጎራደድ ዋልኩ፤ አንቺም አልነገርሽኝም፣ ማንም አልነገረኝም።

ከዚያ ወዲህ በየልጁ ሰርግ ልማዳችን ሆነ። ሰው «ሚስቱ ደግፋው ነው የሚመታው» ብሎ ሲያማኝ፣ «የለም፣ ጠመንጃው ሲረግጠኝ በቅርብ ሆና ለመሳቅ ነው» እል ነበር። አንድም ቀን አልሳትኩም። አሁን ደፍሬ ልንገርሽ፤ በአገራችን ባልና ሚስት በሰው ፊት አይነካኩም፣ እኛም አልተነካካንም። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነበር የተፈቀደልን። ለዚህ ነው ውጅግራውን ማስረከብ የፈራሁት። ብረቱንስ ቢወስዱት ምን አገባኝ።

ተረካቢው ታናሽ ወንድሜ ላቀው ነው። ለቅሶሽ ገና ሳይበርድ በየእሑዱ እየመጣ ሰደፉን ይዳብሳል። «አያ፣ እጅህ እኮ አሁን ለወንፊት እንጂ ለጠመንጃ አይሆንም» ይለኛል። «ወንፊት ከሆነማ ያንተን ወሬ ልንፋበት፤ ግን ገለባ ብቻ ነው የሚወጣው» አልኩት። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ እውነቱን ነበር። እጄ ይንቀጠቀጣል።

ከመስቀል ወዲህ መለማመድ ያዝኩ። ጥቁር ባሩድ እንደ ድሮው አይገኝም። ደግሞ ዘንድሮ ተኩስ ሲሰማ ሰው የሚያስበው ሰርግ አይደለም፤ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ጓዳ ይገባሉ። ስለዚህ ብዙውን የለፋሁት በባዶው ጠመንጃ ነው። በርሜሉ ላይ አንዲት ሽምብራ አስቀምጣለሁ። ቃታውን ስስብ ካልወደቀች እጄ ጨዋ ሆኗል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሰሞን ሽምብራ ሁሉ ወደቀ። ቀይዋ ዶሮ እግሬ ሥር ቆማ ትለቅማለች። እንቁላል የጀመረችው በኔ መንቀጥቀጥ ወፍራ ነው፤ የፍርድሽ መሻሪያ ምክንያቱም ይኸው ነው። በኋላ ገባኝ፤ ቃታ በኃይል የሚሳብ ነገር አይደለም። የላም ጡት እንደሚታለበው ቀስ እያሉ መጭመቅ ነው፤ መቼ እንደሚፈነዳ ራስም ሳያውቁት።

ቆሜ መተኮስ እንደማልችልም ተቀበልኩ። ልማዱ አንድ ጥይት ይላል እንጂ ቁም አይልም፤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ በርሜሉን ድንጋይ ካቡ ላይ ባስደግፈው ጥይቱ ሽቅብ ሄዶ የዋንዛውን ቅርንጫፍ ገነጠለ። ለካ ብረት ድንጋይ ላይ ሲተኮስ ይዘላል። ያቺን የተቀደደች ስልቻ ሰፍቼ የላህን ወንዝ አሸዋ ሞላኋትና፣ ከበርሜሉ ሥር ያለውን እንጨት እሷ ላይ አስተኛሁት። ክርኔንም ከጉልበቴ አጥንት አውርጄ ሥጋው ላይ አሳረፍኩት፤ ሥጋ ብለሽ ከጠራሽው።

ባሩዱን እኔ በዓይን እሰፍር ነበር። አንቺ ነሽ «ባሩድ በርበሬ አይደለም፣ ቆንጠር ተደርጎ አይጨመርም» ብለሽ ከቀንድ ጫፍ መስፈሪያ ያበጀሽለት። ሞልተሽ አፉን በጣትሽ ትላጪው ነበር፤ እኔ ጣቴ ስለማይታመን በስንደዶ እላጨዋለሁ። ቀለሃው ሁሉ እኩል ከጎረሰ ጥይቱም እኩል ይሄዳል። አንድ በተኮስኩ ቁጥር እርጥብ ጨርቅ በዘንግ አሳልፋለሁ፤ ጥላሸቱ ካልተጠረገ የሚከተለው ጥይት እንደ ሰካራም ነው መንገድ የሚይዘው። ሲያበቃ በፈላ ውኃ አጥበዋለሁ። «እግርህን እንዲህ ብታጥብ» ትዪኝ ነበር።

አንድ በሽታ ግን አልለቀቀኝም። ተኩሼ ሳልጨርስ መታሁ አልመታሁ ብዬ ቀና እላለሁ። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ወዲያው አያሳይሽም፤ ፊትሽ ላይ ደመና ይተክላል። ደመናው እስኪገለጥ ጉንጭን ከሰደፉ ሳያላቅቁ መጠበቅ ነው። መዳፍሽ ያስጠብቀኝ የነበረው ይኸን ነው። እጅሽን የሚተካ ስልቻ ግን አልሰፋሁም።

የሰርጉ ለት አንድ ተኩስ እንደሚሰማ ለመንደሩ ሁሉ አስቀድመን ነገርን። ቡሬዎቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል፣ እናኑ በር ላይ ፊቷን ተሸፍናለች። ላቀው ጋቢውን አደላድሎ፣ ሁለት እጁን ለመረከብ አዘጋጅቶ አጠገቤ ቆመ። ስቀመጥ አይቶ «አያ፣ ተቀመጥክ? ምሳ ይቅረብልህ እንዴ?» አለኝ። «ጠላ አምጣልኝ፤ አንተም እጅህን አጣጥፈው፣ ይበርድሃል» አልኩት። ሰው ሳቀ።

ጠመንጃውን ስልቻዋ ላይ አስተኛሁት። ጉንጬን አስጠጋሁ። ትንፋሼን አውጥቼ ግማሹ ላይ ያዝኩት። ያኔ ይጋርዱ፣ መጣሽ። መዳፍሽን እዚያችው ቦታ ላይ አገኘሁት፤ ሞቅ ያለ፣ በቀለበትሽ በኩል ቆርቆር የሚያደርግ። ጨመቅኩ። ረገጠኝ፤ ጭሱ ዋጠኝ፤ እኔም ቀና አላልኩም። ሲገለጥ ገመዱ ላይ የቀረው የቅሉ አንገት ብቻ ነበር።

ሴቶቹ ሐዘኑን ረስተው እልል አሉ፤ ወዲያው አስታውሰው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ላቀው ጉልበቴን ሳመና «እትዬ ይጋርዱ ናት» ብሎ አለቀሰ። እናኑ ስትሰናበተኝ ጆሮዬ ሥር «አባባ፣ እምዬ እጇን አሳርፋብዎት ነበር አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ ሌላ ምን ይሏታል።

ዶሮዋም፣ ስልቻዋም፣ ቅሉም እውነት ናቸው። ያንቺን መምጣት ግን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። መዳፍሽን አላገኘሁም። ጠበቅሁሽ እንጂ። ትንፋሼን ይዤ ከሚገባው በላይ ቆየሁ፤ ላቀው እንቅልፍ የወሰደኝ መስሎት ጉሮሮውን ጠረገ። ጀርባዬ ላይ የነበረው የጥር ነፋስ ነው። ብቻዬን ጨመቅሁ፣ ጭሱ ውስጥም ብቻዬን ጉንጬን ሳላነሣ ቆየሁ፣ ቅሉም ተመታ። ብስት የአባቴን እጅ ወርሼ እመለስ ነበር። ስመታ ግን ያለ አንቺ መምታት እንደምችል አወቅሁ፣ ይኸኛው ባሰብኝ። ለእናኑ ያልኳትን አላስተባብልም፤ ይዛው ትኑር። ላንቺ ግን አልዋሽም።

ጠመንጃው ታጥቦ፣ ቅባት ጠጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሌላ ልጅ ስትዳር፣ ዕድሜ ከሰጠኝ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ደግሞም ከሚገባው በላይ እቆያለሁ።

ያንቺው፣ ተሰማ