ከአቡጀዴው ጀርባ የተጻፈው ቁጥር፦ የአቶ አምሐ መዝገቡ የሕይወት ታሪክ

አስከሬናቸውን ከብበን የቆምንላቸው አቶ አምሐ መዝገቡ፣ ከአባታቸው ከአቶ መዝገቡ ወልደአብ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉመቤት ሳህሌ፣ በዚሁ በመካኒሳ አቦ ሰፈር በጥቅምት ወር 1936 ዓ.ም. ይህችን ዓለም ተቀላቀሉ። አባታቸው ከጉራጌ ከክስታኔ አገር መጥተው እዚህ ያረሱ ገበሬ ነበሩ፤ ሰፈሩም ያኔ ከቤት ይልቅ የገብስ ማሳ ይበዛበት ነበር። ልጁ ወንድ ነው ሲባል ሰባት ጊዜ እልል ተባለ። አራት ዓመት ቀድማ የተወለደችው ታላቅ እህታቸው በር ላይ ቆማ በጣቷ ቆጥራዋለች። ለእሷ ሦስት ብቻ እንደነበር እናቷ ነግረዋታል።

ያቺ እህት እኔ አሰገደች ነኝ። የሰፈራችንን ሟቾች የሕይወት ታሪክ ሁሉ በስቴንስል የምመታው እኔ ስለሆንኩ የወንድሜን ሌላ ሰው እንዲጽፈው አልፈቀድኩም። ደንቡ ሟችን አንቱ በሉ ይላል። ያዘልኩትን፣ አፍንጫውን የጠረግሁለትን ልጅ አንቱ ማለት ምላሴን ቢይዘኝም ደንብ ደንብ ነው፤ እስከቻልኩት እሄድበታለሁ።

አቶ አምሐ በ1944 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። ከብቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ እኔ ቀረሁ። ማታ ማታ ደብተራቸውን እየተቀበልኩ አነብ ነበር፤ እሳቸው የሚረሱትን የብዜት ሰንጠረዥ እኔ ነበርኩ የማስታውሳቸው። ስምንተኛ ክፍልን በ1953 ዓ.ም. ሲጨርሱ በግ ታረደላቸው። እኔ በኋላ በራሴ ጥረት ተምሬ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ ታይፒስት ሆኜ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስቀጠር ዶሮም አልታረደ። ይህን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም። እሺ፣ ለወቀሳም ነው።

እሳቸው በሥራ ዓለም የታፔላ ጸሐፊ ነበሩ። ከሳሪስ እስከ መካኒሳ የሥጋ ቤቱን፣ የልብስ ሰፊውን፣ የወፍጮ ቤቱን ታፔላ በብሩሽ የጻፉት እሳቸው ናቸው። እጃቸው ወርቅ ነበር፤ ይህንን ጠላትም አይክድም። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ደግሞ ቀበሌው የሰልፍ መፈክር የሚያጽፈው በእሳቸው ስለሆነ ቤታቸው ቀይ ቀለምና አቡጀዴ ጠፍቶበት አያውቅም።

ጌታን ያገኙት በ1963 ዓ.ም. ነው። ወደ ጉባኤው እጃቸውን ይዤ የወሰድኳቸው እኔው እህታቸው ነበርኩ። በኋላ ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ፣ ፉሪ ያሉት እማማ ገዲሴ እሑድ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰብበት ሰፊ ሳር ቤት ሰጡን። እማማ ገዲሴ አማርኛቸው ትንሽ፣ ድፍረታቸው ግን ብዙ የሆነ የፉሪ ገበሬ ነበሩ። የቀበሌ ጥበቃ ቢመጣ የመፈክር ልምምድ ላይ ነን እንድንል ግድግዳው ላይ አቶ አምሐ የጻፉት «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚል አቡጀዴ ይሰቀል ነበር። የዛሬው የቀበሌ ሊቀመንበራችን ይህን ሲሰሙ አይቆጡም ብዬ አስባለሁ፤ እዚህ ቆመው ሲያለቅሱ እያየኋቸው ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

በኅዳር ወር 1971 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤታችን ወደ አገራቸው የሚመለሱ አንዲት ፈረንጅ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ትተውልኝ ሄዱ። ከውስጡ ስለ ዮሐንስ ራእይ የሚያወራ አሮጌ የእንግሊዝኛ ትራክት፣ ቀጭን የስብከት ጽሑፍ፣ አገኘሁ። የሮማው ጳጳስ ዘውድ ላይ በላቲን «ቪካሪዩስ ፊሊኢ ዴይ» ተብሎ ተጽፏል ይላል፤ የእግዚአብሔር ልጅ እንደራሴ ማለት ነው። ይህ ስም የአውሬውን ቁጥር ይሰጣል ብሎ ስሌቱን ሳያሳይ ገጹ ተቀዷል። እኔን ደግሞ ሳያልቅ የተተወ ስሌት እንቅልፍ ይነሳኛል። በምሳ ሰዓት በጽሕፈት መኪናዬ ፊደሎቹን አንድ በአንድ መታኋቸው። በሰዓት ገጽ ላይ እንደምናየው የላቲን ፊደል ቁጥርም ነው፤ ቪ አምስት፣ አይ አንድ፣ ኤል ሃምሳ፣ ሲ መቶ፣ ዲ አምስት መቶ። ሌላው ባዶ ነው። አልሞላ አለኝ። ዩ ጥንት እንደ ቪ ይጻፍ እንደነበር ትዝ ሲለኝ አምስቱን ጨመርኩ። የመጀመሪያው ቃል መቶ አሥራ ሁለት፣ ሁለተኛው ሃምሳ ሦስት፣ ሦስተኛው አምስት መቶ አንድ። ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት!

ያን ቀን ከሥራ ስወጣ በቀጥታ አቶ አምሐ ዘንድ ሄጄ ወረቀቱን አሳየኋቸው። ሦስት ጊዜ ደመሩት። በሚቀጥለው እሑድ ፉሪ ስደርስ አቡጀዴው ተገልብጦ፣ በጀርባው ስሌቱ በቀይና በጥቁር ቀለም ክንድ በሚያህል ፊደል ተጽፎ ተሰቅሏል። አቶ አምሐ ፊቱ ቆመው፣ «ጌታ ገለጠልኝ» አሉ።

ጌታ ገለጠልኝ! ከፊት ወንበር ተቀምጬ ዓይኔን ዓይናቸው ላይ ተከልኩ፤ አላዩኝም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ እሳቸውን ግን አደመቃቸው። ከላፍቶ፣ ከቄራ፣ ከሳሪስ ሰው ይጎርፍ ጀመር። «የቁጥሩ መምህር» ተባሉ። አሮጊቶች ጉልበታቸውን ይስሙ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ሥራ አቡጀዴው አጠገብ መቀመጥ ነው፤ ውሻ ሲጮህ ብድግ ብዬ ጨርቁን ወደ መፈክሩ እገለብጣለሁ፣ ሲረጋጋ ወደ አውሬው እመልሳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የራሴን ቁጥር ስገለብጥ ኖርኩ። መጽሐፉ ቅንዓት የአጥንት ነቀዝ ነው ይላል። ነቀዙን አውቀዋለሁ፤ አብሮኝ በልቷል፣ አብሮኝ ጠጥቷል። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እህቴ ናት ያሳየችኝ» እንዲሉ። እሳቸው ግን አላሉም።

ስለዚህ ከእሳቸው የበለጠ ይዤ ለመነሳት፣ የዘውዱን ፎቶግራፍ ላኩልኝ ብዬ ለትራክቱ አሳታሚ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። መልሱ በሚያዝያ 1973 ዓ.ም. በተከፈተ ፖስታ ደረሰኝ፤ የውጭ ደብዳቤን ያኔ ሌላ ሰው ቀድሞ ያነበው ነበር። ፎቶግራፍ የለም ይላል። ያ ጽሑፍ ያለበትን ዘውድ አየሁ ብሎ ማስረጃ ያቀረበ የለም። ስሙ የሚገኘው አንድ ጥንታዊ ሰነድ ላይ ሲሆን፣ ሰነዱም ሐሰተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል። ጳጳሱ በይፋ የሚጠሩት የክርስቶስ እንደራሴ ተብለው ነው፤ ትንቢቱን የሚተረጉሙት የእኛው መምህራንም በዚህ ስም ላይ አይስማሙም፣ ብዙዎቹ ትተውታል። ፊርማና ማኅተም አለው።

ደብዳቤውን አጥፌ ከጽሕፈት መኪናዬ ሥር ከተነጠፈው ጨርቅ ስር ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቀን ማስረጃ ተጠይቀው መቆማቸው አይቀርም፣ ሲወድቁ አያቸዋለሁ ብዬ ነው። ይኸው፣ እንደሱ ነበር ያሰብኩት።

በዚያው ዓመት አቶ አምሐ የአቶ ዘርጋን ሱቅ ታፔላ ሲጽፉ የባለሱቁን ልጅ አፀደን አይተው ወደዱ። አቶ ዘርጋ ከእምድብር የመጡ፣ በካቶሊክነታቸው የማይደራደሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ሲላክባቸው የሽማግሌዎቹን ቃል ሰሙና፣ አቶ አምሐን ራሳቸውን አስጠርተው እንዲህ አሏቸው፦ «ቅዱስ አባታችንን አውሬ ነው ብለህ አስተምረሃል። የት ተጽፎ እንዳየኸው አሳየኝ፤ ልጄን በገዛ እጄ እሰጥሃለሁ። ካላሳየኸኝ ደግሞ አላየሁም በል፤ ያስተማርካቸው ሰዎች ፊት።»

አቶ አምሐ ፍለጋ ወጡ። ቤተ መጻሕፍት ሄዱ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ሁሉ ጠየቁ፤ የዘውድ ሥዕል አገኙ፣ ጽሑፍ ግን የለበትም። በክረምቱ ክብደታቸው ቀነሰ። በመጨረሻ የጽሕፈት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ሳለሁ እኔ ጋ መጥተው ደፍ ላይ ቆሙ። «እትዬ፣ አንቺ ነሽ ያገኘሽው። ከየት ነበር?» አሉኝ። ደብዳቤው ከእጄ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። «ጌታ ገለጠልኝ አላልክም? እሱን ጠይቀዋ» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

በመጋቢት 1974 ዓ.ም. አቶ አምሐ አቶ ዘርጋን ፉሪ እንዲመጡ መጋበዛቸውን ሰማሁ። ቀኑ ደረሰ አልኩ። ደብዳቤውን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ሄድኩ፤ እሳቸው ሲሟገቱ ልነሳ፣ ላነበው፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም። እሳቸው ግን አልተሟገቱም። አቡጀዴውን ከግድግዳው አወረዱና፣ «ያላየሁትን አየሁ ብዬ አስተማርኳችሁ። ድምሩ ልክ ነው፤ ስሙ የት እንደተጻፈ ግን አላውቅም። አቶ ዘርጋ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብለው ተንበረከኩ።

ቤቱ በለቅሶ ተሞላ። አቶ ዘርጋ አንስተው አቀፏቸው። እማማ ገዲሴ ግንባራቸውን ሳሙ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው የወደዳቸው ከቁጥሩም ዘመን የበለጠ ነው፤ ስህተታቸው እንኳ ምርቃት ሆነላቸው። እኔ ወረቀቴን ይዤ እንደ ድንጋይ ተቀመጥኩ። ይባስ ብሎ በዚያ ሁሉ ንስሐ ውስጥ ስሜ አልተነሳም። ክብሩን ወሰዱ፣ ጥፋቱንም ለብቻቸው ወሰዱት ብዬ አንጀቴ አረረ።

አቡጀዴው ታጥቦ ለቀበሌው ተመለሰ። ቀይ ቀለም በቀላሉ አይለቅምና በተከታዩ መስከረም በአብዮት በዓል ፀሐይ ስታርፍበት ቁጥሩ በመፈክሩ ውስጥ ፈዝዞ ይታይ ነበር። ያየሁት እኔና አቶ አምሐ ብቻ ነን። ከሰልፉ መሃል ዞር ብለው ፈገግ አሉልኝ፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ።

በጥር 1975 ዓ.ም. ከወይዘሮ አፀደ ዘርጋ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። እሳቸው ወደ ጉባኤያቸው፣ ባለቤታቸው ወደ ቅዳሴያቸው እየሄዱ በአንድ ማዕድ በልተዋል። ፍሬሕይወትንና ናኦድን ወልደዋል። ቁጥሩን በየቤቱ ማስተማር ያልተዉትን ሰዎች እየዞሩ፣ እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት፣ ተዉት ሲሉ ኖሩ። ዳግመኛ በጉባኤ ፊት ለማስተማር አልቆሙም።

በኅዳር ወር 1981 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም ተያዙ። ሐኪሞች የሚችሉትን አደረጉ፤ ሕመሙ ግን በረታ። ባለፈው የካቲት ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አፀደ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ፣ ደብዳቤውን አወጣሁና አልጋቸው ላይ አኖርኩት። አንብቢልኝ አሉ። ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው፤ ቀኑንም አልዘለልኩትም። ፍለጋ ላይ በነበሩበት ዓመት ደብዳቤው የት እንደነበረ ገባቸው።

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «አቡጀዴውን ያወረድኩ ቀን ስምሽን ያላነሳሁት እንዳይስቁብሽ ነው እትዬ። በመጀመሪያው ቀን ያላነሳሁት ግን ለራሴ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። የሕይወት ታሪኬን የምትጽፊው አንቺ ነሽ አይደል? ጌታ ገለጠልኝ ያልኩት ውሸት ነው፣ ያሳየችኝ እህቴ አሰገደች ናት ብለሽ ጻፊ። የደብዳቤውን ነገር ግን ተዪው፣ ምን ያደርጋል።»

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ይኸው ነበር። ሲደርሰኝ ስሜ የተጻፈበት ነገር ስህተት ነው፤ እሱንም ቢሆን በሚሞት ሰው አፍ ነው የተሰጠኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። እግራቸውን ይዤ አለቀስኩ።

አቶ አምሐ መዝገቡ በተወለዱ በ46 ዓመታቸው መጋቢት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አፀደ ዘርጋ፣ ልጆቻቸው ፍሬሕይወትና ናኦድ፣ አማታቸው አቶ ዘርጋ እና እህታቸው አሰገደች በሐዘን ቀርተዋል።

እንግዲህ ደንቡ እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ በኋላ አንቱ አልልህም። ያልከኝን ጽፌአለሁ፣ አምሐ። ደብዳቤውን ተዪው ያልከኝን ግን አልታዘዝኩህም፤ ይህን ሁሉ ሰው ሰብስቤ አንተ ብቻ ጥፋትህን ተናግረህ እኔ ንጹሕ ሆኜ አልቆምም። በዚህ እንኳ አትበልጠኝም።

ታላቅህ እኔ ሆኜ ሳለ ቀድመኸኝ ሄድክ፤ የዚያን ቁጥር እውነተኛ ትርጉም ዛሬ አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ ገና እጠብቃለሁ። አሁንም ቀናሁብህ። ጌታ ነፍስህን ደጋግ አባቶችህ ባሉበት ያሳርፍልኝ። እኔም ስመጣ በሩ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ፤ ማን ናት ብለው ቢጠይቁህ በዚያ ሁሉ ቅዱስ ፊት ጮክ ብለህ እህቴ ናት በል።