የጊዮርጊስ ዕለት እንግዳ

ጎርኒ ብሬግ፣ ኖቬምበር 28

ለልጄ ለዴሳንካ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስላት የፕለም ፍሬውን አረቄ ማን ያወጣዋል ትለኛለች።

የወንድምሽ የቪዶዬ ነገር ያው ነው። የሊቲየም ማዕድን ቆፋሪዎቹ እንዳይገቡ መንገድ ላይ ስለተኛ እንደታሰረ ነው፤ ክስ የለም፣ ቀጠሮ የለም።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ስለ ቤታችን ጠባቂ ስለ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። በዚያ ቀን ወደ ቤታችን ማንም እንደማይጠራ፣ የመጣም እንደማይመለስ ታውቂያለሽ። አያቴ አባቱን የገደለውን ሰው እንኳ በዚህ ቀን የበዓሉን ቅቅል ስንዴ አቅምሶ ሸኝቶታል። በሩን ከፍቼ ቆሜ ሳለሁ ጥቋቁር መኪኖች ግቢ ገቡ። መጀመሪያ የወረደው ከቤልግሬድ የመጣ የመንግሥት ሹም ነው። ቀጥሎ ስለ ማዕድኑ የመጣ አንድ ሽበታም ጀርመናዊ፣ ከአስተርጓሚውና ከፎቶ አንሺው ጋር። ምን ላድርግ? አስገባኋቸው።

ጀርመናዊው ሻማ ይዞ መጥቷል። ከተቀቀለው ስንዴ አንድ ማንኪያ ቀመሰ፤ አማተበ፤ እንደ ወጋችን ማንኪያውን ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተተ። ወንበር ስስብለት፣ "እርስዎ ዛሬ እንደማይቀመጡ አውቃለሁ" አለኝ። ባለቤት በዚህ ቀን ቆሞ እንደሚያስተናግድ ከተማ የገቡ የገዛ ወገኖቻችን እንኳ ረስተውታል። ለዚህ ሰው ማን ነገረው?

ስለ ልጄ ጠየቅሁት። "እናንተ አገር መንገድ ላይ የተኛ ሰው ይታሰራል ወይ?" አልኩት።

ቀና ብሎ ሹሙን አየ። የውስጥ ጉዳያችሁ ውስጥ አንገባም አለ። "መሪያችሁ ግን ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው።"

"ለማን?"

አስተርጓሚው ይህችን አልተረጎማትም። ሹሙ ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "አባት፣ አረቄዎ ጠላት ያስታርቃል" አለኝ።

በማግስቱ ጋዜጣው ላይ ወጣሁ፤ ቆሜ ለጀርመናዊው አረቄ ስቀዳለት። "የታሳሪው አባት የማዕድኑን እንግዶች በደስታ ተቀበለ" ይላል። ፊደል ራሴን ያስተማርኩት ይህን ለማንበብ አልነበረም። ቪዶዬም አይቶታል። ቅዳሜ ስንቅ ይዤ ብሄድ ጠባቂው ገብቶ ወጣና፣ "አላየውም ብሏል" አለኝ። ስንቁንም መለሰልኝ።

ዴሳንካ፣ በርሊን የምታስተረጉሚው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ምናልባት ጀርመናዊው ማዕዳችን ላይ ከቀረበ ስለ ወንድምሽ አንድ ነገር ይናገርልናል ብለሽ አስበሽ ይሆናል። በላ፣ ጠጣ፣ ሄደ። ወጋችንን የነገርሽው አንቺ ካልሆንሽ አይደለሁም በይኝ፤ አምንሻለሁ። ከሆንሽ ግን ለእኔ ሳይሆን ለወንድምሽ ጻፊለት፤ አባታችን የቤቱን ወግ ነው የጠበቀው፣ በሩን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ በይው። እኔን አይሰማኝም።

እናትሽ ምንም አልጠረጠረችም። "ዴሳንካ ያለችበት አገር ሰው እንዴት ጨዋ ነው" እያለች ለጎረቤት ታወራለች። እኔም አልነገርኳትም።

ብርዱ ሳይጠና ብላ እናትሽ የሠራችልሽን የሱፍ ካልሲ ልኬልሻለሁ። ጊዮርጊስ ከክፉ ይሰውርሽ። ለከርሞው በዓል ነይ አልልሽም፤ በቤታችን ማንም አይጠራም። በሩን ከፍቼ ግን ቆሜ እጠብቃለሁ።

አባትሽ ስሬተን