የሰይድ ዩፒኤስ ስንት ደቂቃ ይቆያል

ሰኞ

ዛሬ ሱቃችን መብራት ሦስት ጊዜ ጠፋ። በሦስተኛው ጊዜ፣ ደንበኛ ስሸኝ፣ መጠባበቂያ ባትሪው ዩፒኤሱም አለቀበትና ኮምፒውተሩ በአንዴ ጭጭ አለ። መልሼ ሳስነሳው ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል። አብዲራሺድን ጠራሁት። የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ከወንድሜ ከሰይድ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተምረዋል። ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠና "ሃርድ ዲስኩ እየሞ..." ብሎ ፊቴን አየ። "ደክሟል" አለ። "አሁንም በሥራ ላይ ድንገት ከጠፋ ላይነሳ ይችላል። የምትፈልገውን ቶሎ ገልብጥ፣ ዋላል።"

ዋላል ወንድም ማለት ነው። እሱ ሁሉንም ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራው። እኔን ግን ቃሉ ከብዶኛል።

የደንበኞቹ ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ ቀርቶ የምፈልገው አንድ ፋይል ነው። ሰይድ ማይክ ሲሞክር ማጥፋቱን ረስቶት አንድ ሰዓት ሙሉ የተቀዳ ድምፅ። የተሳፈረበት መኪና በቶጎጫሌ መንገድ ተገልብጦ ካጣነው ሁለት ወር ሆነ። ድምፁ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ለእማ አልነገርኳትም፤ ተስፋ ሰጥቼ ባጣውስ?

ማክሰኞ

ወደ ፍላሽ መገልበጥ ጀመርኩ። ዲስኩ ጠብ ጠብ እያደረገ ነው የሚሰጠው፤ ኮምፒውተሩ "ሃያ ደቂቃ" አለኝ። መሀል ላይ መብራት ብልጭ ሲል ፈራሁና አቋረጥኩት። መጀመሪያ ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ ማወቅ አለብኝ።

ጀርባው ላይ ሰይድ በቀይ ማርከር "25 ደቂቃ" ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ለስሌቱ የሚሆኑ ቁጥሮችን ትቶልኛል፤ የሰባት ቁጥሩ ጭራ እንደ ልማዱ ጠማማ ነው። ባትሪው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት። ሳባዛው 84። አንድ አምስተኛው በመንገድ ይባክናል፣ 67 ይቀራል። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ ሲደመሩ 150 ዋት ያህል። 67 ለ150፣ ከዚያ በ60 ማባዛት፦ ሃያ ሰባት ደቂቃ። ሰይድ ሁለቱን ለጥንቃቄ ቀንሶ ይሆናል። ደስ አለኝ። የፊዚክስ ፈተና ላይ እንኳ እንዲህ አልወጣልኝም።

አብዲራሺድ ሳቀብኝ። "ይሄ ቁጥር የአዲስ ባትሪ ነው። ደግሞ ባትሪ ሀርሺን እንዳለችው ግመላችን ነው፤ ቀስ ብለህ ካለብካት ትሰጣለች፣ ከቸኮልክባት ወተቷን ትይዛለች።" ሁለት ባለ 75 ዋት አምፖል ሰጠኝ፤ በኮምፒውተሩ ፋንታ እነሱን ሰክቼ ልለካ። "ባትሪው አርጅቷል፣ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳታደክመው" አለ።

ረቡዕ

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሱቅ። ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቀልኩት፤ ሁለቱም አምፖሎች በሩ።

ዘጠኝ ደቂቃ።

ሰዓቱ የተበላሸ መስሎኝ በሞባይልም አየሁት። ዘጠኝ ነው። ሃያ ያስፈልገኛል።

ሱቁ መስኮት ስለሌለው አምፖሎቹ ሲጠፉ በቀን ጨለመ። እዚያው ተቀመጥኩ። ድሮ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ሰይድ ወዲያው ስክሪኑን ያጠፋና ወንበሩን ወደ እኔ ያዞራል። "በል ቁጭ በል፣ የዛሬዋን ደንበኛ ልንገርህ" ይላል። ባሏ ላይ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጥታ የሱ ፎቶ አምሯል ብላ በትልቁ ያሳጠበችውን ሴትዮ ታሪክ የሰማሁት በዚያ ጨለማ ነው። ዩፒኤሱ ጲጵ ጲጵ እያለ እኛ እንስቃለን። ስክሪኑን የሚያጠፋው ለወሬው ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ

ክፍል ውስጥ፣ ፈተናው መሀል፣ መጣልኝ። ለወሬው ብቻ አልነበረም። ስክሪኑ የኮምፒውተሩን ያህል ይበላል፤ ለመገልበጥ ደግሞ አያስፈልግም።

ፈተናው አልሆነልኝም።

ባትሪው ሌሊቱን ሞልቶ አድሯል። አንድ አምፖል ብቻ ሰካሁ። ሃያ ሁለት ደቂቃ! እጥፍ እንኳ አይደለም፣ ከዚያም በላይ። የአብዲራሺድ ግመል እውነቷን ነው። ትርፌ ሁለት ደቂቃ ብቻ ናት። እስከ ነገ ባትሪው ይሞላል።

ዓርብ

ከጁምዓ መልስ ጀመርኩ። እማ ሱቅ መሆኔን ከየት እንደሰማች እንጃ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዛ መጣች። አራተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ስክሪኑን አጠፋሁ።

"ሰይድም እንደዚህ ነበር የሚያደርገው" አለች። "ምንድን ነው የምንጠብቀው?"

ነገርኳት። በጨለማው የሙስበሃ መቁጠሪያዋ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል፤ በየጲጵታው አንድ ፍሬ። ከውስጥ ቀጭ ቀጭ። ደቂቃው አልሄድ አለ። መብራቱ በጠፋ በአሥራ ሰባተኛው ስክሪኑን ከፈትኩ። መገልበጡ አልቋል። ፍላሹን ነቅዬ ኮምፒውተሩን በወጉ አጠፋሁት።

መብራት እስካሁን አልመጣም፤ ይህን በር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ፋይሉ በደህና ይከፈት እንደሆነ አላውቅም። እማ ፍላሹን በሻሿ ጫፍ ቋጥራዋለች።

"ምን ይላል?" አለችኝ ቅድም።

"ሲጀምር 'አንድ፣ ሁለት... እማ፣ ሻይ አለ?' ይላል።"

ፔርሙሱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። "አለ" አለች።