ከባዶ በርሜል የወጣ ጢስ

ሰኞ፣ ማርች 3

ዛሬ የምነዳው የተማሪዎች አውቶቡስ ሳያስቸግረኝ ተነሣ። ሠላሳ አንድ ተማሪ፣ አንድም አልተጣላም። እንዲህ ያለ ሰኞ ከየት ይገኛል?

ይህን ደብተር ያስጀመረችኝ ነርሷ ናት። «ቨርሊን፣ አባትሽ የበላውን በየቀኑ ጻፊ» አለችኝ። እሺ። ጠዋት ግማሽ ኩባያ ፑዲንግ፣ ያ ለስላሳው የወተት ጣፋጭ። ቀን ሦስት ማንኪያ ሾርባ። ቀሪውን ዞር ስል ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋው። አየሁት። ማየቴንም አየ።

ክብደቱ 126 ፓውንድ። ጉሮሮውን ሳይታመም በፊት 190 ነበር። የጨረር ሕክምናው በጃንዋሪ አለቀ፣ ሐኪሞቹም ካንሰሩ ጠፍቷል አሉ፣ ተመስገን። ግን የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ጠፋ። «ሁሉም ነገር ሚስማር ሚስማር ይለኛል» ይላል። ከፋሲካ በፊት ባለው ሐሙስ ቀጠሮ አለን። እስከዚያ 130 ካልደረሰ ሆዱ ላይ የመመገቢያ ቱቦ ይገባል። አባዬ ደግሞ ነርሷን ዐይን ዐይኗን እያየ «እኔን እንደ መኪና በቀዳዳ አትሞሉኝም» አላት። ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ወንድሜ ራንደል ከሜምፊስ መጣ። ሙሉ የአሳማ ጎድን ይዞ፣ በአባዬ መንገድ፣ ስድስት ሰዓት በሂኮሪ እንጨት ጢስ የዋለ።

አባዬ አርባ ዓመት ለቤተ ክርስቲያናችን ጎድን የጠበሰ ዲያቆን ነው። ጓሮ የቆመውን መጥበሻ ከአሮጌ የዘይት በርሜል በገዛ እጁ ነው የሠራው። ሕጉ አንድ ነው፦ ሥጋው ሲነከስ የጥርስ ምልክት ይታይበት፣ ቀሪው አጥንቱን ይዞ ይቆይ። «ከአጥንቱ የሚወድቅ ጎድን ተቀቀለ እንጂ አልተጠበሰም!» ስንቱን ሰው በዚህ አሳፍሯል።

የራንደል ጎድን ልክ እንደ ሕጉ ነበር። ጥፋቱም ይኸው። አባዬ ነከሰ… አኘከ… አኘከ… ዐይኑ እንባ አቀረረ። በወረቀት ተፋውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። «ጥሩ እጅ አለህ ልጄ» ብሎት ወደ ክፍሉ ገባ። ራንደል ሳህኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

የበላው፦ ምንም።

እሑድ፣ ማርች 9

124።

ከአምልኮ በኋላ አክስቴ ኦዴሳ፣ የአባዬ ታናሽ፣ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«ጎድኑን በኤሌክትሪክ ድስት አብስዪለት። ያ ቀስ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚያበስለው። ድድ ያለው ሁሉ ይበላዋል።»

«አክስቴ፣ ይገድለኛል።»

«ለመግደልም ጉልበት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ይብላ።»

ሳቅኩ። ግን የቤተ ክርስቲያናችን ሰው የነበረችውን ዞላን አስታወስኩ። ከሃያ ዓመት በፊት እህት ዞላ በዚያ ድስት የሠራችውን ጎድን ለቤተ ክርስቲያን ምሳ አመጣች። አባዬ ቀመሰ። ሰው ሁሉ እየሰማ «ይህን አሳማ ማነው ያጠበው?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዞላ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ቀየረች።

እና አሁን ያንን ድስት እዚህ ቤት ላስገባ?

ረቡዕ፣ ማርች 12

አስገባሁት። ልብስ ማጠቢያዋ ክፍል፣ ማሽኑ ላይ፣ ፎጣ ሸፍኜበት። ሌባ መሰልኩ።

ጠዋት ጥጄው አውቶቡሴን ልነዳ ወጣሁ። ስመለስ… ምን ልበል? ውሃ ጨምሬበት ነበር፣ ሁለት ትልልቅ ኩባያ። ያረረብኝ እንደሆነ ብዬ። አመድ የመሰለ ሥጋ በአመድማ ውሃ ላይ ይዋኛል። አባዬ ለዞላ ያለው እውነቱን ነው ለካ!

ቆሜ እዚያው በላሁት። አክስቴ ኦዴሳ በስልክ፦ «ውሃ? ማነው ውሃ ጨምሪ ያለሽ? አሳማው የራሱ ውሃ አለው።»

አባዬ፦ አንድ ፑዲንግ። ሙሉ አንድ። ተመስገን።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ይህን ለማንም አልናገርም። ለደብተሬ ብቻ።

ንጋት ላይ ተነሣሁ። ከጎድኑ ጀርባ ያለውን ስስ ሽፋን ገፈፍኩ፣ ቅመሙን አሸሁት፣ የሚያቃጥለውን ለጉሮሮው ብዬ ተውኩ። ከሥር ሽንኩርት አነጠፍኩ። ጎድኑን በድስቱ ግድግዳ ዙሪያ አቆምኩት። አንድ ሲኒ የፖም ጭማቂ ብቻ፣ ውሃ የለም። ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርጌ ከደንኩት።

ከዚያ ጓሮ ወጣሁና በርሜሉ ውስጥ እሳት ለኮስኩ። ባዶውን። የአባዬን የሂኮሪ እንጨት ጨመርኩበት… ክዳኑን ዘጋሁ፣ ጢሱ በመስኮቱ በኩል ወደ ክፍሉ ሄደ። ምን ላድርግ? ጢስ ሳይሸተው ጎድን ባቀርብለት ምን ሊል ነው?

ጎረቤታችን ሚስተር ክሊተስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ዲያቆኑ ተነሣ እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ? እስቲ ልየው።» አጥሩን ዞሮ መጣ። እጁ ወደ ክዳኑ ሄደ።

«የሚያይ አያበስልም፣ ሚስተር ክሊተስ።»

የአባዬ አባባል ናት። በዚህ ሰፈር የሰው ክዳን ያነሣ አጥንት አይደርሰውም፣ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እጁን ሰበሰበ። በኋላ ሁለት አጥንት ከነሥጋው በሳህን ሰጠሁት። ጣቱን እየላሰ «እንዴት ያለ ጢስ ገብቶለታል!» አለኝ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ስምንት ሰዓት ሙሉ ክዳኑን አልነካሁም። ሲደርስ ስጎ ቀብቼ ምድጃ ውስጥ ከላይኛው እሳት ሥር አደረግኩት፣ ጠርዙ ጠቆር እስኪል። አባዬ ፊት አስቀመጥኩ። አጥንቱን ሲያነሣ ሥጋው ሳህኑ ላይ ቀረ።

አጥንቱን አየ። ሥጋውን አየ። እኔን አየ።

«ወደቀ» አለ።

«ትንሽ… ሳላቆየው አልቀርም።»

«እም።»

ሹካ አነሣና በላ። ዋጠ። ደገመ።

ሁለት አጥንት! ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ሦስት አጥንት። በሳምንቱ መሐል ደግሞ የተረፈውን ከድንች ጋር።

125 ተኩል።

ሰኞ፣ ማርች 24

አባዬን በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዋሸሁት፣ በዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ስለ አንድ ልጅ። ያኔም ደርሶበታል። አሁን በየሳምንቱ በእሳትና በጢስ እዋሸዋለሁ። ቢያውቅ ሳህኑን ይገፋዋል? እልኸኛ ነው። ከገፋው ደግሞ ቱቦ፣ ቱቦውን ደግሞ እምቢ… ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልፈልግም።

ልንገረው? የቀጠሮው ሐሙስ ይለፍ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

ዛሬ ልሞት ነበር።

በርሜሉን አያይዤ ዞር ስል አባዬ ጓሮ ቆሟል። በነጠላ ጫማ፣ ባርኔጣውን አድርጎ። ከቤት የወጣው ለሐኪም ብቻ ነበር፣ ከመቼ ወዲህ… ከኖቬምበር? ወንበሩን ጎትቶ በርሜሉ አጠገብ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ብርድ ነው።»

«እሳት አጠገብ ነኝ።»

ጎንበስ ብሎ የአየር ቀዳዳውን በጥቂቱ ዘጋ። «እሳትሽ ይቸኩላል። ጢሱ ነጭ ሲሆን ጥሩ አይደለም። ሰማያዊ እስኪመስል ጠብቂ።»

«እሺ አባዬ።»

ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። አንድ እንጨት ጨመረ። እኔ በየደቂቃው በመስኮት ብቅ… ክዳኑን ያነሣ ይሆን? አላነሣም። የሰው ክዳን አያነሣም፣ የልጁንም ቢሆን። ለአንድ ሐቀኛ ሰው ባዶ በርሜል አስጠበቅኩት። አፈርኩ።

አራት አጥንት። የበቆሎ ዳቦም በስጎው አጥቅሶ። «ዛሬ ሚስማር አይልም» አለ።

128።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

131!

ነርሷ ሁለት ጊዜ መዘነችው። «ጫማዎን አውልቀዋል አይደል?» አለችው። «ከፈለግሽ ካልሲዬንም አወልቃለሁ» አላት። ቱቦ የለም። ሐኪሙ እጁን ጨበጠው። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ አመሰገንኩ። ተመስገን ተመስገን ብቻ።

መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳላዞር፦

«አባዬ፣ የምነግርህ ነገር አለ። ያ ጎድን…»

«የት ነው የደበቅሽው፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል?»

ቁልፉን ለቀቅኩት።

«ጢስ የጠጣ ሥጋ ከላዩ ሥር ቀይ መስመር ይወጣዋል። ያንቺ አንድም ቀን አልወጣውም። ከመጀመሪያው ቅዳሜ አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን በላህ?»

«ስለራበኝ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

«ያን ቀን ጠዋት ተኝቼ እያለሁ ጢሱ ገባ። ከታመምኩ ወዲህ የሸተተኝ የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው። ሆዴ ጮኸ። መራብ እንዴት እንደሆነ ረስቼው ነበር፣ ቨርሊን። ልጄ በዚህ ብርድ ለእኔ ብላ እሳት አነደደች አልኩ። ከዚያ ወዲያ በድስት አበሰልሽው በባልዲ፣ ምን ገዶኝ?»

«በርሜሉ አጠገብ ሁለት ሰዓት ስትቀመጥ… ባዶ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«ባዶም ቢሆን እሳት በሥርዓት ነው የሚነደው።» ከዚያ የመኪናውን ቀበቶ አሰረ። «ለነገሩ የሁለት ዓመት እንጨቴን ጨርሰሽዋል።»

ዐይኔ እስኪደርቅ መንዳት አልቻልኩም። እሱም አላጣደፈኝም። ስንት አባት ነው እያወቀ የሚታለልልሽ? ጌታ ይህን የመሰለ ሰው ሰጥቶኛል፣ ገና አልወሰደብኝም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ድስቱ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ወጥቶ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተሰየመ። ተሸክሞ ያወጣው አባዬ ነው፣ እየተንገዳገደ፣ «አትንኪኝ» እያለ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በስሎ ጠበቀን።

ራንደል ከነቤተሰቡ፣ አክስቴ ኦዴሳ፣ ሚስተር ክሊተስ። ክሊተስ ድስቱን ሲያይ ሁለቱን ቅዳሜዎች፣ ሦስቱን… ሁሉንም አስታወሰ መሰለኝ። «ማለትም ያ ጢስ…?»

«ብላ ክሊተስ» አለው አባዬ።

ከምሳ በፊት ግን ስልክ አስደወለኝ። እህት ዞላ ጋ። ድምፁን ሁላችን እንድንሰማ ክፈቺው አለኝ። ሰው እየሰማ ያሳፈራትን ሰው እየሰማ ሊመልሰው ነው፣ ገባኝ።

«እህት ዞላ፣ ኦታ ፔቲስ ነኝ። ከሃያ ዓመት በፊት ስለ ጎድንሽ አንድ ነገር ተናግሬ ነበር።»

ዞላ፦ «አሳማውን ማነው ያጠበው ብለህ ነው።»

«አዎ። እሱን ቃል መልሼ ልወስደው ነው የደወልኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ። ዛሬ በሕይወት ያለሁት በዚያው ድስት ነው።»

አክስቴ ኦዴሳ መሐረቧን አወጣች።

«ኦታ፣» አለች ዞላ፣ «እውነቱን ልንገርህ? ውሃ አብዝቼበት ነበር።»

አባዬ ሳቀ። ያ ድሮ የማውቀው፣ ወንበር የሚያነቃንቀው ሳቁ፣ በተጎዳው ጉሮሮው፣ በሻካራ ድምፅ። «ነይ፣ ገና ትኩስ ነው» አላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ድንች ሰላጣ ይዛ መጣች፣ አጠገቡ ተቀመጠች፣ እስኪመሽ ሲከራከሩ ዋሉ። ስለ ኮምጣጤ።

አሁን ሁሉም ሄደዋል። አባዬ ወንበሩ ላይ አሸልቧል፣ ሸሚዙ ላይ ስጎ አለ።

ስንት አጥንት በላ? አልቆጠርኩም።