ባለ አንድ ዓይኑ ሽማግሌ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017

መቀመጥ አቅቶኛል። ለብቻዬ ልኑር ካለችኝ ጀምሮ ያኮረፍኳት ልጄ ሩት፣ ጠዋት ጴጥሮስ ወጳውሎስን አክብረን ስንወጣ ዳውንታውን ሙዚየም ወሰደችኝ። ከድሮዎቹ የፈረንጅ ሥዕሎች መሀል አንድ ሽማግሌ ጨለማ ውስጥ በጎኑ ተስሏል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ የሚሳለው ክፉ ሰው ነው። “ይሁዳን ደግሞ ምን ብለው ሰቀሉት?” ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ሩት ጽሑፉን አነበበች። “ኖ እማዬ፣ ጴጥሮስ ነው። ክራይ እያደረገ ነው።”

በገዛ በዓሉ ቀን ሰደብኩት። ዕንባውን እንኳ ልብ አላልኩም።

ስንመለስ ሩት ትነዳለች። ፒዮሪያ መንገድ ላይ የትራፊክ መብራት ይዞን ስንቆም ዞር ብዬ አየኋት። ከጎን አንድ ዓይኗ ብቻ ይታየኛል። ዕንባ ይኑርበት አይኑርበት ሳልለይ አረንጓዴው በራ።